የሙከራውን መደብ ያሳመርኩ ዕለት

ችግኝ ጣቢያው ከገባሁ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ኃላፊያችን ጠርተውኝ «ነገ ጅምላ ገዢዎች ይመጣሉ፤ የምታስጎበኛቸው አንተ ነህ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ችግኝ ማዛወርና ማጠጣት ስለነበር ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከምሳ በኋላ ጉብኝቱ የሚያልፍበትን መንገድ ዞሬ አየሁ። ግሪንሃውሱ ያምራል። ጓሮ ያለው የሙከራ ቦታ ስደርስ ግን ኀፍረት ያዘኝ። 12 የፔቱኒያ አበባ ዝርያዎች በ3 መደብ ተደጋግመው ተተክለዋል። ገሚሶቹ ላይ የጠወለገ አበባ ከሚያጣብቀው ቅጠል ጋር ተለጥፎ ቡናማ ጨርቅ መስሏል። ይሄ ለእንግዳ ይታያል? መቀስ አነሳሁና ጀመርኩ። ሁለቱን መደብ ጨርሼ ሦስተኛው ጋ ስደርስ መሸብኝ፤ ተውኩት።

በማግስቱ እንግዶቹን በር ላይ እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኩ። ምክንያቱንም በኩራት አስረዳሁ። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ከሲጋራ በእጅ ተሸክሞ ቲማቲም፣ ቃሪያና ፔቱኒያ ላይ ይሸጋገራል፤ በደረቀ ቅጠል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቤይሪንክ የሚባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪ በ1898 ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ያለፈ የበሽተኛ ቅጠል ጭማቂ አሁንም ጤነኛውን እንደሚያሳምም አይቶ «ቫይረስ» ያለው ይህንኑ ነው። ከማታው ስላነበብኩት አፌ አልተያዘም።

ሙከራው ጋ ስንደርስ አንድ አዛውንት ገዢ «ከእነዚህ ውስጥ ራሱን የሚያጸዳው የትኛው ነው?» አሉኝ። (የጠወለገ አበባውን ሰው ሳይቆርጥለት በራሱ የሚያረግፈውን ማለታቸው ነበር።)

«ሁሉም ንጹሕ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?» ብለው ዝም አሉ። ዝም ብለው ወደ ሦስተኛው መደብ ሄዱ። 7 ቁጥር ዝርያ የመጀመሪያው መደብ ላይ እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙኖ ነበር፤ እዚህኛው ላይ ግን አበባው ከነሬሳው ቆሟል። ጎንበስ ብለው ካርዱን ሁለቴ አነበቡ። «ይሄና ያኛው አንድ ናቸው?» ኃላፊያችን እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ መዝገቡን ዘረጉልኝ። በየ2 ሳምንቱ ለእያንዳንዱ መደብ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ነጥብ የሚሰጠው በዚያው ቀን ከሰዓት ነበር። «ሰውየው የሚገዙት መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ለመስቀል ነው። እዚያ ላይ ወጥቶ አበባ የሚለቅም ማን አለ? የመጡት የቱ እንደሚቆሽሽ ለማየት ነበር፤ አንተ አጥበህ አቀረብክላቸው።» የደረቀው አበባ ካልተቆረጠ ተክሉ ጉልበቱን ወደ ዘር ያዞራል፤ ማበቡም ይቀንሳል። ሰነፉን ዝርያ በመቀሴ ስለረዳሁት የሚቀጥሉት ሳምንታት ነጥብም አይታመንም።

ይሄን ሰምቼ ሳልጨርስ ሌላ ጥያቄ መጣ። «መቀሱን ከተክል ወደ ተክል ስትሄድ ምን ውስጥ ነከርከው?»

ምንም ውስጥ። በር ላይ ስለ ቫይረስ የሰበክሁት ሰው በአንድ መቀስ 24 ቦታ ዞሬያለሁ። (በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 20 ግራም ቅባት አልባ የዱቄት ወተት መበጥበጥ ይበቃ ነበር፤ የወተቱ ፕሮቲን ያንን ቫይረስ አቅም ያሳጣዋል። እኔ የወተቱን ባልዲ ሳየው ለድመቷ ይመስለኝ ነበር።) ደግነቱ በሽታ አልታየም፤ ግን ለሳምንታት በየጠዋቱ ቅጠሉ ላይ ዥንጉርጉር ነገር ስፈልግ ዓይኔ ጠፋ።

የዚያን ቀን ነጥብ የተሰጠው ጨለማ ላተረፈው ሦስተኛ መደብ ብቻ ነው። አዛውንቱም ቢሆኑ ያዘዙት እዚያ ያዩትን 4 ቁጥርን ነበር። ኃላፊያችን ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝና መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ አስጻፉኝ፦ «መደብ 1 እና 2 በሠራተኛ መቀስ ተነክቷል፤ አይቆጠርም።»