ቀይ ጠመኔ ይዞ አሞራ ገደል

ጠዋት 12፡30 ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስደርስ ጀልባዎቹ ገና እየገቡ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው አንድ ህትመት ነው፦ ሆላንዳዊው ሰዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1634 ወይም 35 የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» በቀይ ጠመኔ የቀዳበት ንድፍ። ዋናው ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ሬምብራንት ጣሊያንን ረግጦ አያውቅም፤ እሱም የተማረው እንደኛ ከህትመት ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። መጀመሪያ ህትመቱን በቀይ ጠመኔ እንቀዳለን፣ ከዚያ ዓሣ አጽጂዎቹን እንስላለን።

ህትመቱን በቀለም አሳትሙት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ፈዘዝ ያሉት መስመሮች ይጠፋሉ፣ የሚማሩት ደግሞ ከነሱ ነው።

ንድፉ 36.2 በ47.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ኤ4 ወረቀት ከወርዱ አንጻር ይረዝምበታል። ከወረቀቱ ርዝመት 2.1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካልተቆረጠ ሐዋርያቱ ወደ ጎን ይለጠጣሉ። ከዚያ ጠርዞቹ ላይ ግማሹንና ሩቡን ምልክት ማድረግ። ከፊት አትጀምሩ፤ አንድ ፊት ላይ 20 ደቂቃ የፈጀ ሰው ለትከሻው ቦታ ያጣል።

ሊዮናርዶ አሥራ ሁለቱን ሦስት ሦስት አድርጎ በአራት ቡድን አስቀምጧል፣ ክርስቶስ መሀል ብቻውን ነው። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ጠመኔውን አጋድሞ እያንዳንዱን ቡድን እንደ አንድ ክምር በስሱ መሳል ነው። ሬምብራንት ላይም ከታች ስስ መስመር፣ በላዩ ወፍራምና ቆራጥ መስመር ይታያል። ላጲስ አይነካ፤ ዱቄቱ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ሮዝ እድፍ ይሆናል።

ከዚያ ቀና ብሎ ዓሣ አጽጂዎቹን ማየት ነው። አንዱ ወጣት ቆሮሶ ሲፍቅ ክርኑ ከጎረቤቱ ጉልበት ጋር ይገጥማል፣ ሦስተኛው ከኋላ ጎንበስ ብሎ ቢላ ይቀበላል። ጴጥሮስ በይሁዳ ጀርባ ወደ ዮሐንስ ሲያዘነብል ልክ እንዲህ ነው! አንድ በአንድ ከተሳሉ ሳይጨረሱ ይነሳሉ፤ እንደ አንድ ክምር ከተያዙ ግን አንዱ ቢነሳ እንኳ የቡድኑ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ዓሣ ትራፊ የምትጠብቀው ትልቋ ወፍ፣ አባ ኮዳዋ፣ ከሁሉም የተሻለች ሞዴል ናት፣ ፍርፋሪ እስኪወረወርላት ንቅንቅ አትልም።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዓሣ ማጠቢያው ውሃም ሁለት ሜትር ራቁ። የጠመኔ ሥራ ላይ ጠብታ ካረፈ ጠቁሮ ይቀራል። ሲያልቅ የፀጉር ስፕሬይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ጊዜ በስሱ መንፋት ነው። ከቀረበ ነጠብጣብ ይሠራል።