መስመሩ ለምን አልታጠፈም? የጤና ኤክስቴንሽንን መገምገም ስማር

ሰሞኑን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሞት መጠን ከጥሬው መረጃ ተነስቼ አሰላሁና ውጤቴ ከታተመው ዘገባ ጋር ገጠመ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ይናገራል፤ የእኔም ኮምፒውተር 67 አለኝ። ስለ ሞት ቁጥር መደሰት ነውር ቢመስልም ተደስቻለሁ። ግምገማ የምትማሩ ሰዎች ይህን ደስታ ታውቁታላችሁ።

ስለ ጅማሬው ብዙ አልልም። መረጃውን ተመዝግቤ በነጻ አገኘሁት። ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ስታታም ሆነ አር ይበቃል። የናሙና ክብደትን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጠያቂ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚናገረውን ቁጥር፣ የዘነጋ ሰው አዲስ አበባን ከሚገባት በላይ ያገዝፋታል። ስሌቱ የሕፃኑን ዕድሜ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በስምንት ክፍል ይቆርጥና በየክፍሉ ያለውን የመትረፍ ዕድል ያባዛል፤ አንዴ ከገባችሁ አይከብድም። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ቀኖች በእኛ የዘመን አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉ። ወደ ፈረንጆቹ ለማዞር 92 ወር መጨመር ነው። እኔ አልጨምርም፤ ስሌቱ የሚፈልገው በቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ሠራተኞች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ 16 የጤና ፓኬጆች። አገር አቀፍ ስለሆነ ፕሮግራሙ ያልደረሰበትን ቀበሌ ፈልጎ ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ «በፊት» እና «በኋላ» ነው፦ በ1992ቱ ዳሰሳ 166፣ በ2008ቱ 67። ግራፉ ያምራል፣ ስብሰባው ያጨበጭባል። እኔ ግን ይህን ግምገማ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ከዝናብ በኋላ የበቀለውን ሁሉ የእኔ ዘር ነው እንደማለት ነው።

እስቲ አራቱን ዳሰሳዎች ደርድሩ። በ1992 ዓ.ም. 166፣ በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67። እያንዳንዱ ቁጥር የሚናገረው ከዳሰሳው በፊት ስለነበሩት አምስት ዓመታት እንጂ ስለ ዳሰሳው ዓመት አይደለም። እንግዲህ 123 የሚለው ቁጥር ከ1993 እስከ 1997 ያለውን ጊዜ ይመለከታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ወደ ቀበሌ መውጣት የጀመሩት ደግሞ በዚያ ጊዜ ማብቂያ አካባቢ ነው። ከ166 ወደ 123 የወረደው ሞት የጤና ኬላ በሩ ሳይከፈት የወረደ ነው ማለት ይቻላል። በመቶኛ ስናየው የመጀመሪያው ቅናሽ 26፣ ሁለተኛው 28፣ ሦስተኛው 24 ነው። ፍጥነቱ ያው ነው። ፕሮግራሙ ሲገባ ይታጠፋል ብዬ የጠበቅሁት መስመር አልታጠፈም።

ታላቅ እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም፣ መስመሩ እንዲታጠፍ እፈልግ ነበር። ውጤቱን ስነግራት «መስመርህ አይታጠፍ! እኔ የቤተሰብ ማህደር እየሞላሁ ወገቤ ታጥፏል» አለችኝ፤ ማህደሩ የየቤቱ የጤና መዝገብ ነው።

ያወጣኝ መሣሪያ ሶፍትዌር አይደለም። ሰፊ ወረቀትና እርሳስ ነው። ዓመታቱን በአግድም አሰመርሁና ሕፃናትን ሊያተርፍ የሚችል ነገር ሁሉ የገባበትን ዓመት ጻፍሁ። ሴፍቲኔት በ1997፣ አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት በ1999፣ የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት በ2004፣ የሮታ ክትባት በ2006፤ አጎበር በብዛት የተሠራጨውም በዚሁ ዘመን ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ የተለወጠባቸውን ዓመታት በቀይ ጻፍሁ፦ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን፣ በጤና ኬላ የሳንባ ምች ሕክምና፣ የጤና ልማት ሠራዊት የተባለው የጎረቤት ሴቶች አደረጃጀት። ያን ጊዜ «ፕሮግራሙ ሠርቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ባዶነቱ ታየኝ። የትኛው ፕሮግራም? የ1997ቱ ሠራተኛ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ታስተምር ነበር፤ የ2005ቷ መድኃኒት ትሰጣለች።

ስለዚህ ጥያቄውን ሰባበርሁት። ሠራተኛዋ በእጇ የምትሠራውን ለብቻ፣ የማትሠራውን ለብቻ አየሁ። ያገቡ ሴቶች የዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚነት በአራቱ ዳሰሳዎች በመቶ 6፣ 14፣ 27፣ 35 ነው፤ ይህ ቀጥታ የእርሷ ሥራ ነው። በጤና ተቋም መውለድ ግን 5፣ 5፣ 10፣ 26 ነው፤ እናትን ልትመክር ትችላለች፣ አዋላጅና አምቡላንስ ልትሆን አትችልም። በ1997 እና በ2003 መካከል የጨቅላ ሕፃናት፣ ማለትም የመጀመሪያው ወር፣ ሞት ከ39 ወደ 37 ብቻ ሲወርድ ከአምስት ዓመት በታች ያለው በጥቅሉ ከ123 ወደ 88 ወርዷል። የወረደው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወር በኋላ ያለው ሞት ነው፤ ክትባት፣ አጎበርና ንጽሕና የሚደርሱበት ዕድሜ። ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ቢሠራ ኖሮ የት ይታያል፣ የት አይታይም ብሎ መጠየቅ ከ«በፊትና በኋላ» እጅግ ይሻላል። መስመሩ አለመታጠፉም ቢሆን ፕሮግራሙን አያስወቅሰውም፤ ቀላሉ ቅናሽ ካለቀ በኋላ ያንኑ ፍጥነት ማስጠበቅ ራሱ ሥራ ይጠይቃል። ስንቱ የማን ሥራ እንደሆነ ከዚህ መረጃ መለየት እስካሁን አልቻልሁም።

አንድ የምጠላው ዘዴ አለ፦ ሞዴል ቤተሰቦችን ሞዴል ካልሆኑት ጋር ማነጻጸር። ሥልጠናውን ጨርሶ የምስክር ወረቀት የወሰደው አባወራ ቀድሞውንም ቆርቆሮ ቤትና የተማረ ልጅ ያለው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለሥልጠናው መስጠት ለሀብቱ የሚገባውን መንጠቅ ነው። ፕሮግራሙ እንዴት ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳዩ፣ በቀስትና በሣጥን የተሞሉ የለውጥ ንድፎችንም አልወድም፤ ምናልባት መሣል ስለማልችል ይሆናል። የወረዳ ሪፖርትን በተመለከተ የአገልግሎት ሽፋኑ ከመቶ በመቶ በላይ ሲሆን አትሳቁ፤ አካፋዩ፣ ማለትም አገልግሎቱ ይገባዋል የተባለው ሰው ብዛት፣ በ1999 ዓ.ም. ከተቆጠረ ሕዝብ የተተነበየ ነው።

ቀጥሎ መሞከር የምፈልገው ፕሮግራሙ ዘግይቶ የገባባቸውን የአርብቶ አደር አካባቢዎች ቀድሞ ከገባባቸው ጋር ማስተያየት ነው። አፋርና ሶማሌ ከደጋው በሁሉም ነገር ስለሚለዩ በክልል ደረጃ አልደፍርም። በየወረዳው የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች የተመደቡበትን ዓመት የሚያሳይ ዝርዝር ያላችሁ፣ በወረቀትም ቢሆን፣ ጻፉልኝ፤ ወደ ኮምፒውተር ማስገባቱን እኔ እሠራዋለሁ።