የባይኖኩላር ትራይፖድ አዳፕተር፦ ከማዘዜ በፊት ምን መለካት ነበረብኝ?

10 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት ሩቅ አቅራቢ መነጽር) የእጅን መንቀጥቀጥም 10 እጥፍ ያጎላዋል። ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን የጭላዳ መንጋ ለማየት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክንድ ይዝላል፣ ምስሉ ይዘላል፣ የትኛዋ ጭላዳ ልጇን እንዳዘለች መለየት ያቅታል። ያው ባይኖኩላር ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሲቆም ግን ሌላ መሣሪያ የሆነ ያህል ነው። ማታ ጁፒተር ላይ ቢያነጣጥሩት፣ በእጅ ሲያዝ ሲርገበገብ የነበረው ብርሃን ይረጋና ትልልቆቹ ጨረቃዎቹ አጠገቡ በአንድ መስመር ነጥብ ነጥብ ሆነው ይለያሉ።

ባይኖኩላሩንና ትራይፖዱን የሚያገናኘው አዳፕተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። አብዛኛው አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ ቀጥ ያለ ምሰሶ፣ ጫፉ ላይ በጣት የሚዞር ብሎን፣ ከታች የትራይፖዱ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ። ሻጮች «ለሁሉም ይሆናል» ይላሉ፤ ለሁሉም አይሆንም። እዚህ አገር ደግሞ ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ አልገጥም ካለ መልሶ የሚወስደው የለም። ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው ከማዘዝ በፊት ነው። የእኔ የመጀመሪያው አዳፕተር ሳይገጥም የቀረው የባይኖኩላሬን የማጉላት ኃይልና ክብደት አይቼ፣ በሁለቱ ቱቦዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሳልለካ ስላዘዝኩ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳው መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኘው ማጠፊያ ከፊት ለፊት፣ በትልልቆቹ ሌንሶች በኩል፣ ትንሽ ክብ ክዳን አለው። ብዙ ጊዜ የአምራቹ ምልክት ስለተጻፈበት ጌጥ ይመስላል። ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ ከጠበቀ አንድ ቁራጭ ከመነዳሪ ጣት ላይ አድርጎ ማዞር በቂ ነው። በቢላ ወይም በካቻቪቴ ጫፍ አይፈልቀቅ፣ በፒንሳም አይያዝ፤ ፕላስቲኩ ወዲያው ይላጣል። አንዳንድ ሞዴል ላይ ደግሞ እዚያ ቦታ ያለው ክዳን ሳይሆን የማጠፊያውን ጥብቀት የሚይዘው ብሎን ነው። ሲያዞሩት ሁለቱ ቱቦዎች መላላት ከጀመሩ ወዲያው አቁሞ መመለስ ነው፤ ያ ባይኖኩላር የትራይፖድ ቀዳዳ የለውም ማለት ነው።

ቀዳዳው ካለ፣ ጥርሱ በአብዛኛው ካሜራዎች ሆድ ላይ ያለው ነው፦ ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ዲያሜትሩ 6.35 ሚሊሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ብሎን ሻጭ ጋ ሄደው «ይሄን የሚያክል» ካሉ የሚሰጥዎት ባለ 6 ሚሊ ብሎን ነው። ባለ 6 ሚሊው የጥርስ ርቀቱ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ላላ ብሎ ይገባል፣ አንድ ሁለት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ ይነክሳል። በዚህ ጊዜ ቺያቤ አምጥቶ የሚያጠብቅ ሰው የማጠፊያውን ጥርስ ይበላዋል፤ ማጠፊያው ደግሞ እንደ ጠረጴዛ እግር በቀላሉ የሚቀየር አይደለም፣ የሁለቱ ቱቦዎች ትይዩነት ያለው እሱ ላይ ነው። ትክክለኛውን ጥርስ ለመፈተሽ የትራይፖዱ ፕሌት (ዕቃው የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ማስቀመጫ) ላይ ያለውን ብሎን ፈትቶ በጣት ማስገባት ይበቃል። ሦስት ዙር ያለ ምንም ትግል ከሄደ ጥርሱ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባይኖኩላር በቅርጹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትከሻ ያለው፣ የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ሌንሶቹ ይልቅ ተራርቀው የተቀመጡ፣ ብዙዎቻችን የጦር ሜዳ መነጽር ሲባል የምናስበው ነው፤ ፖሮ ይባላል። ሁለተኛው ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ነው፤ ሩፍ ይባላል። ፖሮ ላይ በሁለቱ የፊት ሌንሶች መካከል ሰፊ ቦታ ስላለ ማንኛውም ወፍራም ምሰሶ ይገባል። ሩፍ ላይ ግን ቱቦዎቹ ማጠፊያውን አልፈው ወደ ፊት ስለሚወጡ ምሰሶው በመካከላቸው ማለፍ አለበት።

ክፍተቱን ማወቅ ቀላል ሂሳብ ነው። ሩፍ ላይ የፊት ሌንሶቹ ማዕከል ለማዕከል ያላቸው ርቀት በሁለቱ ዓይኖች ብሌን መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከዓይን ርቀት ላይ የአንዱን ቱቦ የውጭ ውፍረት፣ ጎማውን ጨምሮ፣ ሲቀንሱ የቀረው ክፍተቱ ነው። የእኔ የዓይን ርቀት 64 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 42 ሚሊ ሌንስ ሩፍ ባይኖኩላሬ ምሰሶው በሚቆምበት ቦታ የአንድ ቱቦው ውፍረት 53 ሚሊሜትር ነው። የሚቀረው 11 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የመጀመሪያው አዳፕተር ምሰሶ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ነበር። እንዲገባ ከተፈለገ ቱቦዎቹን ቢያንስ ወደ 67 መክፈት ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት አንድ ክብ መሆኑ ይቀርና ከየጎኑ ጥቁር ጥላ ይገባል።

ምሰሶውን በሞረድ ማቅጠን ይቻል እንደሆነ አስቤበት ነበር። ከ14 ወደ 10 ሲወርድ አልሙኒየሙ የሚሳሳው ጭነቱ የሚያርፍበት አንገት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በትንሽ ንፋስ የሚወዛወዝ አዳፕተር ያደርገዋል። ተውኩት። የተካሁት ትንሽ ዘንግ ባለው ዓይነት ነው። አጭር ዘንግ ማጠፊያው ቀዳዳ ውስጥ ይታሰርና እዚያው ይቀራል፣ 9 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ምሰሶ ደግሞ ዘንጉን ከታች መጥቶ ይይዘዋል። ባይኖኩላሩን ለማውለቅ ብሎኑን መፍታት አያስፈልግም፣ ማላላት ብቻ ይበቃል። ወፍ ድንገት ከጀርባ ሲነሳ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ለሩፍ ባይኖኩላር አሁንም የምመክረው ይህን ዓይነት ነው።

ክፍተቱን ሲለኩ ሁለት ነገር ይታወስ። አንደኛ፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለ የቱቦውን ዙሪያ በክር ጠምጥሞ ክሩን መለካትና ለ3.14 ማካፈል ነው፤ ማስመሪያ ፊት ለፊት ደግፎ መገመት 2 እና 3 ሚሊሜትር ያሳስታል፣ እዚህ ደግሞ 2 ሚሊሜትር ሙሉ ልዩነቱ ነው። ሁለተኛ፣ ምሰሶው ብቻ ሳይሆን የሚዞረው ብሎን ራስም ይለካ። ምሰሶው ገብቶ የብሎኑ ራስ 16 ሚሊሜትር ከሆነ ጣት የሚያዞርበት ቦታ አያገኝም።

የብሎኑ ርዝመትም ያሳስታል። ቀዳዳው ውስጥ አንድ የክብሪት እንጨት እስኪነካ አስገብቶ አፉ ላይ በጥፍር ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ማውጣትና መለካት። የእኔ 7 ሚሊሜትር ነው። የአዳፕተሩ ብሎን ከዚህ ከረዘመ ጫፉ የቀዳዳውን ወለል ይመታና የምሰሶው ፊት ከማጠፊያው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፤ የጠበቀ መስሎ ባይኖኩላሩ ግራ ቀኝ ይላል። ማጥበቅ አይፈታውም፣ ወለሉን ይሰብራል እንጂ። አንድ ቀጭን ሮንዴላ መካከል ላይ ማስገባት ነው መፍትሔው። ከ5 ሚሊሜትር በታች የሚገባ ከሆነ ደግሞ የያዘው አራት ጥርስ እንኳ አይሞላምና ከባድ ባይኖኩላር አይጣልበት።

ክብደት ካነሳን፣ ባለ 42ቱ ወደ 700 ግራም ይመዝናል፤ ለእሱ ጥሩ ፕላስቲክም ይበቃል። እንደ ሴለስትሮን ስካይማስተር 15x70 (15 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ባለ 70 ሚሊ ሌንስ) ያለው ግን 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፤ የተያዘውም በአንድ ብሎን ብቻ ስለሆነ ክብደቱ በሙሉ አዳፕተሩ ላይ ያርፋል። ለዚህ ብረት ወይም ወፍራም አልሙኒየም ግድ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አነጣጥሮ ቱቦውን በጣት ጫፍ መታ ማድረግና ምስሉ እስኪረጋ መቁጠር። እስከ ሁለት ከቆጠሩ ደህና ነው። አምስት ድረስ ከሄደ ወይ አዳፕተሩ ይተጣጠፋል፣ ወይ የትራይፖዱ መካከለኛ ዘንግ ከመጠን በላይ ወጥቷል። ዘንጉን አውርዶ መድገም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል።

ቁመቱም ይታይ። 70 ሚሊ ሌንስ ያለው ባይኖኩላር ምሰሶው አጭር ከሆነ ሆዱ የትራይፖዱን ራስ ይነካል፤ ቀና ብለው ሰማይ ለማየት ሲሞክሩ ደግሞ የዓይን ሌንሶቹ ወደ ታች ወርደው የትራይፖዱ እጀታ ላይ ያርፋሉ። ቆሞ ሰማይ ለማየት ትራይፖዱ ራሱ ከዓይን ከፍታ በላይ መውጣት አለበት፤ አንገት እየተቀጨ ሰባቱን ከዋክብት ማየት ደስታ አይሆንም። ወንበር ላይ ተደግፎ ትራይፖዱን ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ከታች በኩል ያለው ቀዳዳ በአብዛኛው ያው ሩብ ኢንች ነው። የአንዳንድ ትልልቅ ትራይፖዶች ብሎን ግን ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን የሚያጣጥም ትንሽ የነሐስ ቀለበት ፎቶ ዕቃ የሚሸጡበት ይገኛል። ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን መዞር ነው። አዳፕተሩ በአንድ ብሎን ብቻ ስለተያዘ ባይኖኩላሩን ወደ ግራ ሲገፉት የትራይፖዱ ራስ ሳይዞር አዳፕተሩ ፕሌቱ ላይ ይሽከረከርና ይላላል። በመካከላቸው የከመነዳሪ ቁራጭ ቆርጦ ማስገባት፣ ለብሎኑ መሐሉን ቀዶ፣ ነገሩን ያስቆመዋል።

ቀዳዳ የሌለው ባይኖኩላርስ? በኪስ የሚገቡት ባለ 25 ሚሊዎች ብዙዎቹ የላቸውም። እንደ ስዋሮቭስኪ ኢኤል ያለው ውድ ባይኖኩላርም የለውም፤ አምራቹ ለብቻው የሚሸጠው ማቀፊያ አለው። በሌላ በኩል ካነን 15x50 እና 18x50 ቀዳዳቸው ሆዳቸው ላይ ስለሆነ ያለ አዳፕተር ቀጥታ ትራይፖድ ላይ ይቀመጣሉ። ለቀሩት የሚሆነው ጠፍጣፋ መደብ ነው። የመዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት፣ ላዩ ላይ ስፖንጅ፣ ባይኖኩላሩን የሚያስር የሚጣበቅ ቀበቶ፣ ከሥሩ ሩብ ኢንች ዳዶ። ቶርኖ ቤት የሩብ ኢንቹን ጥርስ ከሌለው፣ የተሰበረ የሰልፊ ዱላ የስልክ መያዣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያው ጥርስ አለው፤ እሱን አውጥቶ መትከል ይቻላል። ቀበቶው የማጥሪያውን ተሽከርካሪ እንዳይሸፍን ብቻ ይጠንቀቁ።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ቱቦዎቹን ወደ ዓይኔ ርቀት እከፍታለሁ፤ ምሰሶው ከገባ በኋላ መዝጋት አይቻልምና። ከዚያ ብሎኑን በጣት ብቻ፣ ምሰሶው ማጠፊያውን እስኪነካና ትንሽ እስኪጠብቅ። ከዚያ አዳፕተሩን ፕሌቱ ላይ፣ የምሰሶው እግር ወደ ኋላ የታጠፈ ከሆነ ወደ ዓይን ሌንሱ በኩል እንዲሆን አድርጌ፣ ክብደቱ ትራይፖዱ መሐል ላይ እንዲወድቅ። የአንገት ማንጠልጠያውን ትራይፖዱ ላይ አንድ ዙር እጠመጥመዋለሁ፤ አንድ ነገር ቢላላ ገደል ከመግባት ያድነዋል፣ ማንጠልጠያው ራሱም በንፋስ እየተወዛወዘ ባይኖኩላሩን አያንቀጠቅጠውም።

ዓይኖቹ ከእኔ ይልቅ የተቀራረቡ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ሊያይ ሲመጣ ግን ያው ክፍተት እንደገና ይፈትናል። 54 ሚሊሜትር የዓይን ርቀት ላለው ልጅ በዚያው ባይኖኩላር የሚቀረው 1 ሚሊሜትር ነው፤ 9 ሚሊሜትሩም ምሰሶ አይገባም። ያን ጊዜ በአንድ ዓይን እንዲያይ አደርጋለሁ፣ የማጥሪያውን ተሽከርካሪም ለእሱ አዞራለሁ። ቤተሰብ ሆኖ ማየት ዋናው ዓላማ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ፖሮ ባይኖኩላር መያዝ ይሻላል፤ እሱ ላይ ምሰሶው ማንንም አያግድም።