ቶክኑን ከስልክ ቁጥር አውጥቼ በፋይዳ ያሰርኩበት አሠራር

መግቢያው በስልክ ቁጥርና በኦቲፒ (ወደ ስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድ) ብቻ በሆነ አፕ ላይ ሲሙን የያዘ ሁሉ ቶክን፣ ማለትም ሰርቨሩ ለገባ ሰው የሚሰጠውን ዲጂታል የይለፍ ማስረጃ፣ ያገኛል። ቶክን ደግሞ ባለቤቱን አያውቅም፤ ላቀረበው ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ መሠረቱን ወደ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ወደ ፋይዳ ማረጋገጫ አዛወርኩት።

ፋይዳ ኢ-ሲግኔት በሚባለው የማረጋገጫ ሶፍትዌር በኩል በኦፕን አይዲ ኮኔክት (አፖች የተጠቃሚን ማንነት በሌላ አካል በኩል የሚያረጋግጡበት ስታንዳርድ) ይሠራል። ተጠቃሚው ፋይዳ ገጽ ላይ ተረጋግጦ ኮድ ይዞ ይመለሳል፤ ሰርቨሩ ኮዱን በቶክን ሲቀይር በፓስወርድ ፋንታ በግል ቁልፉ (ለማንም በማይሰጠው ሚስጥራዊ ቁልፍ) የፈረመውን ጄደብሊውቲ፣ ማለትም አጭር ዲጂታል መልእክት፣ ያቀርባል። ይህ ውድቅ ሲሆን ቁልፉን ከመነካካታችሁ በፊት የሰርቨሩን ሰዓት ተመልከቱ፤ ሰዓቱ ከተዛነፈ ትክክለኛው ፊርማ ራሱ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይታያል። የተጠቃሚው መረጃም የሚመጣው ተፈርሞ ነው፤ ፊርማውን ሳያረጋግጡ ከፍቶ ማንበብ ዋጋ የለውም።

ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባሁት ፋይዳ ለተጠቃሚው የሚመልሰውን «ሰብ» የሚባል መለያ ነው። ለአንድ ሰው አይለወጥም፤ ለሌላ ድርጅት ግን ሌላ ነው። ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር ማስቀመጥ አላስፈለገም። ስምን ለማመሳከሪያ አትጠቀሙ፦ አንዱ ሰው እዚህ ኃይሉ፣ እዚያ ሐይሉ፣ ሌላ ቦታ ሀይሉ ተብሎ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። በአንድ መለያ ሁለት አካውንት እንዳይከፈትም ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል አድርጌያለሁ።

አፑ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚያቀርበው አክሰስ ቶክን 10 ደቂቃ ይቆያል። አዲስ አክሰስ ቶክን የሚያስገኘው ሪፍሬሽ ቶክን አንዴ ብቻ ይሠራል፤ ያገለገለው ተመልሶ ከመጣ ከእሱ የተወለዱት ሁሉ ይሰረዛሉ። ስልክ ለመቀየር ወይም ትልቅ ገንዘብ ለማስተላለፍ ግን ማረጋገጫው ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተጠቃሚው እንደገና ወደ ፋይዳ ይላካል።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ኮዴ የሚጠይቀው «ተረጋግጧል ወይ?» ብቻ ነበር። ቶክን የሰረቀ ሰው በራሱ ፋይዳ ተረጋግጦ ቢመለስ ኮዱ ያሳልፈዋል፤ ሌባው እኮ እውነተኛ ሰው ነው! የተመለሰው «ሰብ» አካውንቱ ሲከፈት ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን የሚያነጻጽር መስመር ጨመርኩ። ኖንሱም (ለእያንዳንዱ የማረጋገጫ ጥያቄ አዲስ የሚፈጠረው የዘፈቀደ እሴት) ጥያቄውን ከጀመረው ሴሽን፣ ማለትም ከተጠቃሚው የአፕ ቆይታ፣ ጋር እንዲመሳከር አደረግሁ።

አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። የፋይዳ ኦቲፒም ለተመዘገበው ስልክ ነው የሚላከው፤ ሲሙን የወሰደ ሰው የፋይዳ ቁጥሩን ካወቀ ያልፋል። ስለዚህ የጠፋ አካውንት ማስመለስን ከኦቲፒ አውጥቼ አንባቢ መሣሪያ ባለበት ቅርንጫፍ በጣት አሻራ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ ሰርቨሩም ማረጋገጫው በምን ዘዴ እንደተፈጸመ ከአይዲ ቶክኑ (የማረጋገጫውን ውጤት ከያዘው ቶክን) ያነባል፣ ኦቲፒ ከሆነ ጥያቄውን ውድቅ ያደርጋል።