የተተረተረው ቀሚስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለከተራና ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ጎንደር በእንግዳ ሞልታለች። የአፄ ፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውሃ ተሞልቶ ታቦታቱን እየጠበቀ ነው። ዛሬ ከሰዓት ይወርዳሉ። የባጃጁን ዋጋ ግን አታንሱብኝ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? የእኔው ለጥቂት ተረፈ። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ጥልፍ ቤት ጎራ አልኩ። ተለማማጁ ልጅ የደረቱን መስቀል አጣሞታል።

«ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ያስተካክሉልኝ» አልኩ።

«እኔማ ቶሎ አደርሳት ነበር። እሱ ግን ለፋሲካም ያጣምማታል» አሉና ለልጁ ምላጭ ሰጡት። «ተርትራት።»

ተናድጄ ቁጭ አልኩ። ልጁ ቀሚሱን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ወጠረው። በምላጩ ጫፍ ክሩን ከጀርባ በኩል አንድ በአንድ ይበጥሳል። ሸማውን እንዳይቀደው ትንፋሹን ይውጣል። ቀጥሎ ገልብጦ በላይኛው ገጽ በኩል ቁርጥራጩን በጥፍሩ ይለቅማል። መሃል ላይ ቆም ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው ለካ! ጨርቁን ሳዞር ለቅቄዋለሁ።»

ጋሼ ከስፌት መኪናቸው ቀና እንኳን አላሉም። «አገኘሃት?» ብቻ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ሪፖርት በ90 ብር አልገጥም አለኝ። አለቃዬ ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኝ በደረሰኝ አስፈለገችኝ። የጠላችኝ መስሎኝ ማታ ማታ አለቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ 540 የሚለውን 450 ብዬ መዝግቤ ኖሯል። ያኔ ነው የነገረችኝ፦ ሁለት አኃዝ ሲገላበጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። እሷ 90ን እንዳየች ጠርጥራለች! ዝም ያለችው አውቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ልዩነት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ለ9 ማካፈል ነው።

ይህን የተማርኩት ሰውዬ፣ ይቅርታ ሴትዮ፣ ምን አደረግኩ? ቢሮ አንድ አዲስ ልጅ አለን። ስህተቱን ባገኘሁ ቁጥር ሳልነግረው አስተካክዬለት እሄዳለሁ። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነዋ። እውነቱን ለመናገር ግን ቶሎ ቤቴ ለመግባት ነበር። ልጁም በወሩ ያንኑ ይደግመዋል። ጥልፍ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያፈርኩት በዚህ ነው።

ዛሬ ማታ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚያሸበሽቡትን ሊቃውንት ስታዩ ልብ በሉ። የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬና የሽብሸባው ትምህርት፣ ማስመስከሪያው እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። አንዱ ወረቡን ሲስት ሌላው እያሸበሸበለት የተመሰከረለት ሰው አልሰማሁም።

ቀሚሴ ትናንት ደረሰ። መስቀሉ ቀጥ ብሏል። በጣም ጠጋ ካላችሁ የድሮዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጠጋ አትበሉ እንግዲህ።

የቢሮዬ ልጅ፣ ስምህን አልጠራሁም፤ ይህን ካነበብክ ግን የታኅሣሡ ሪፖርት ሳልነካው ጠረጴዛህ ላይ አለ። በዓሉን በደንብ አክብር፣ ሎሚም ወርውር። ልዩነቱ የት እንዳለ አልነግርህም። ለ9 ግን አይካፈልም።