ፏፏቴ ሹሩባ ለሉጫውም ለከርዳዳውም

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ከአንድ እናትና አባት ተወልደው ፀጉራቸው ለየቅል ነው። የትልቋ ሉጫ ነው፤ ገና ሳይዙት ከእጅ ያመልጣል። የትንሿ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ነው። ውሃ ሲነካው ትከሻዋ ላይ ይደርሳል፣ ሲደርቅ ጆሮዋ ጋ ይሰበሰባል። ፍላጎታቸው ግን አንድ ነው፤ አንዷ የተሠራችውን ሌላዋም ካልተሠራች ቤቱ ሰላም አያገኝም። ትልቋ ፏፏቴ ሹሩባ፣ ያው ብዙዎቻችን ዋተርፎል የምንለውን፣ ወዳዋለች። ስለዚህ በሁለቱም ዓይነት ፀጉር ላይ መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ይህን ሹሩባ የምወድበት ምክንያት ለልጅ ጭንቅላት ቀላል ስለሆነ ነው። ከአንዱ የግንባር ጥግ ተነስቶ፣ አናትን በኋላ በኩል ዞሮ፣ ወደ ሌላው ጆሮ የሚሄድ አንድ ጉንጉን ብቻ ነው። ከላይ ያለው ፀጉር በጉንጉኑ መሀል እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል። ዓይን ላይ የሚመጣው ፀጉር ይያዛል፤ ኋላው ነፃ ነው። ሥር ድረስ ተወጥሮ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር የለውም።

እኛ "ቻይ! ትንሽ ነው የቀረው" እየተባልን ነው ያደግነው። በበዓል ዋዜማ ተሠርተን ራሳችንን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቅቶን ያደርንበትን ሌሊት የማታስታውስ ሴት ያለች አይመስለኝም። ለልጆቼ ያንን አልፈልግም። የውበት ብቻ ጉዳይም አይደለም። ዘወትር የሚወጠር ሹሩባ የግንባርና የጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉርን ያሳሳል። ቶሎ ተነቅቶበት ጥብቀቱ ከቀረ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ ከተሠራች በኋላ ራሷን ካመማት፣ ወይም ግንባሯ ዳር ላይ ችፍ ችፍ ያለ ነገር ካወጣች፣ ምንም ያህል ቢያምር ፍቱት።

ከሉጫው ልጀምር። ሉጫ ፀጉር በታጠበበት ዕለት ባይሠራ ይመረጣል፤ ያንሸራትታል። በማግስቱ የተሻለ ይያዛል። ካልሆነም ትንሽ ውሃ ረጨት ረጨት አድርጉበት። የሚያስፈልገው ባለ ጭራ ማበጠሪያና አንድ ቀጭን ላስቲክ ነው። ርዝመቱ አገጭ ካለፈ ይበቃል።

ልጅቷን በርጩማ ላይ ከፊቴ አስቀምጬ ፀጉሯን ወደ ጎን እከፍላለሁ። ከግንባሯ ጥግ አውራ ጣት የሚያህል ፀጉር አነሳና በሦስት ዘለላ እከፍለዋለሁ፦ ላይኛዋ፣ መሀለኛዋ፣ ታችኛዋ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ጉንጉን አንድ ዙር ነው። ላይኛዋ በመሀለኛዋ ላይ ታልፋለች፣ ከዚያ ታችኛዋ ታልፋለች። ፏፏቴው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ላይኛዋ ላይ ከአናት ትንሽ ፀጉር ጨምሬ በመሀለኛዋ ላይ አሳልፋታለሁ። ታችኛዋን ግን አላሳልፋትም፤ እለቃታለሁ፣ ትውረድ። ከተለቀቀችው አጠገብ፣ በኋላ በኩል፣ እሷን የምታህል አዲስ ዘለላ አነሳና በእሷ ፋንታ አሳልፋለሁ። በቃ ይኸው ነው። ላይኛዋ ላይ ጨምሮ ማሳለፍ፣ ታችኛዋን መልቀቅ፣ አዲስ ማንሳት። እስከ ሌላው ጆሮ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። ጫፉን ጥቂት ጎንጉኖ በላስቲክ ማሰርና ከፀጉሩ ሥር መደበቅ ነው።

ሁሉንም የሚወስነው አዲሷ ዘለላ የምትነሳበት ቦታ ነው። ከተለቀቀችው ጋር መነካካት አለባት። ከሩቅ ከተጎተተች ጉንጉኑ ይላላል፣ የሚወርደውም ፀጉር ይዛነፋል። ሁለተኛው ነገር እጅ ነው። ጣቶቻችሁ ከጭንቅላቷ አይራቁ። እጅ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ጉንጉኑም አብሮ ከራስ ቅል ይርቅና ልጅቷ ሁለቴ ስትዘል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ይህን አንዴ እጃችሁ ከለመደው ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወጣል። ለትልቋ ብዙ ጊዜ የምሠራው ከሁለቱም የግንባር ጥግ ተነስቶ ኋላ ላይ የሚገናኘውን ነው። ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ አንድ ላይ ጎንጉኜ በጀርባዋ ላይ እለቀዋለሁ። ልደት ካለ ሁለተኛ ረድፍ እጨምራለሁ። የመጀመሪያው ጉንጉን የለቀቃቸውን ዘለላዎች፣ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ሁለተኛው እየተቀበለ መልሶ ይለቃቸዋል። በመሀላቸው ያለው ፀጉር እንደ መሰላል ይሆናል። ጊዜ ይወስዳል፤ ልጅቷ መቀመጥ የማትችል ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ትምህርት ቤቷ የተለቀቀ ፀጉር ስለማይፈቅድ በአዘቦት ቀን የወረደውን ሁሉ ሰብስቤ ዝቅ አድርጌ አስራለሁ። ጉንጉኑ ከላይ ይታያል፣ ሕጉም ይከበራል።

አሁን ወደ ትንሿ። እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው።

ከርዳዳ ፀጉር ላለው ልጅ ፏፏቴ ሹሩባ ፈልጋችሁ ፀጉር ቤት ብትሄዱ መጀመሪያ የሚነሳው ፔስትራ፣ ያ ፀጉር በሙቀት የሚያለሰልሰው መተኮሻ፣ ነው። "እንደዚህ ሆኖማ አይወርድም፣ ትንሽ እናለስልሰው" ይሏችኋል። በበዓል ሰሞን ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ ልጅ ካስክ፣ የፀጉር ማድረቂያው፣ ውስጥ ተቀምጣ ሳይ ሆዴ ይባባል። በኃይለኛ ሙቀት የተጎዳ ጥቅልል ወደ ቦታው አይመለስም። አዲሱ እስኪያድግና የተጎዳው እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው፤ ፀጉር ደግሞ በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳዝነኝ ልጅቷ የምትማረው ነገር ነው። ለማማር መጀመሪያ ፀጉርሽ ሌላ መሆን አለበት ተብላለች።

አያስፈልግም። ከርዳዳ ፀጉር ያለ እሳት ይለጠጣል። ከታጠበች በኋላ ኮንዲሽነሩ ሳይለቀቅ፣ እርጥብ እንዳለ፣ ሰፋፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ቀስ እያልኩ አበጥራለሁ። ከሥር ከተጀመረ ቋጠሮው ታች ይከማችና ፀጉሩ ይበጠሳል፣ ልጅቷም ታለቅሳለች። ካለቀለቅኩት በኋላ ትንሽ የጉሎ ዘይት ጫፉ ላይ አድርጌ ወፋፍራም ጉንጉን እሠራላታለሁ፤ እንዲሁ ታድራለች። ጠዋት ሲፈታ ፀጉሯ ረዝሞ፣ ለስልሶ፣ ጥቅልሉም ሳይጠፋ ይገኛል።

ለእሷ በሦስት ዘለላ አልጎነጉንም፤ በሁለት እጠመዝዛለሁ። ከግንባሯ ጥግ ሁለት ዘለላ ይነሳል። ከላይ ቀጭን ፀጉር አውርዳችሁ በሁለቱ መሀል ታስተኛላችሁ። ከዚያ ሁለቱን አንዴ አጠማዝዛችሁ ትቆልፉባታላችሁ። ቀጣዩን ማውረድ፣ እንደገና መጠምዘዝ። ለጀማሪም የሚቀለው ይኸኛው ነው። ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ የራሱ ጸጋ አለው፤ የያዘውን አይለቅም። የትልቋ ማታ ላይ መላላት ሲጀምር የትንሿ በማግስቱም እንዳለ ነው። የወረዱትን ዘለላዎች አንዳንዴ እንዲሁ እተዋቸዋለሁ፣ ተነፍተው አንገቷን ከበው ያምራሉ። አንዳንዴ እያንዳንዷን ለብቻ ጠምዝዤ ጫፏ ላይ ቀለል ያለ ዶቃ አስገባለሁ። ከባድ ዶቃ ግን ሥሩን ይጎትታል፤ አይሞከርም።

እናቴ የላስታ ሰው ናት። የትንሿን ስሠራ ቡናዋን ይዛ ጎናችን ተቀመጠችና አየች፣ አየች። "ይሄማ የኛው ነው፤ ከፊት ተይዞ ከኋላ መበተኑ" አለች። ልክ ናት። የድሮው ሹሩባ ከግንባር እስከ ማጅራት ሥር ሥሩን ይያዝና ከዚያ በኋላ ያለው ፀጉር ተለቆ ትከሻ ላይ ይነፋ ነበር። ለዚያ ሹሩባ ደግሞ የሚመረጠው ጥቅጥቅ ያለው ፀጉር ነው፤ ሉጫው መች ይነፋል። ለልጃገረዶቹ በዓል ለአሸንድዬ፣ ነሐሴ 16 ከመድረሱ በፊት፣ እህትማማቾች ተራ ይዘው ሲሠሩ፣ ለጋ ቅቤ ሲቀቡ እንደነበር አወራችልን። ስለ ድሮው የልጆች ፀጉር አቆራረጥ፣ ስለ ቁንጮው፣ ስለ ጋሜው፣ ስለ ሳዱላው ጨመረችላቸው፤ የአንዲትን ልጅ ዕድሜ ከፀጉሯ ያውቁት ነበር። ትንሿ አፏን ከፍታ ሰማች። ከዚያ ወዲህ "የአያቴን ሹሩባ ሥሪልኝ" ነው የምትለው።

ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አስቤያለሁ። ጠምዛዛው ከሁለቱም ጎን ይመጣል፣ ዘለላዎቹ በሚወርዱባቸው ቀዳዳዎች ላይ አደይ አበባ ይሰካል። አደይ ቶሎ ይጠወልጋል። ስለዚህ ቀሚሱ ተለብሶ፣ ጫማው ተደርጎ፣ ለአበባየሆሽ ሊወጡ ሲሉ ነው መሰካት ያለበት። ግንዱን አጠር አድርጉት፤ ረጅም ከሆነ ልጅቷን ይኮሰኩሳታል።

ማታ ሻሽ ወይም ሳቲን ነገር አስሩላቸው፤ የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጠዋል፣ ፀጉሩንም ይፍቀዋል። የከርዳዳው ሹሩባ በዚህ መልኩ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። የሉጫው በማግስቱ ይፈታ። ሲፈታም ላስቲኩን ለመጎተት አትቸኩሉ። ካስቸገረ በመቀስ ቁረጡት፤ የላስቲክ ዋጋ ምንም አይደለም። ጉንጉኑን ከመጨረሻው ጀምራችሁ በጣት ወደ ኋላ ፍቱት፤ ማበጠሪያ የሚገባው ሁሉም ተፈትቶ ካለቀ በኋላ ነው።