በጥቁሮቹ መካከል የተደበቁት ፍሬሞች

በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ 6 ደቂቃ የሚፈጅ የሙከራ አኒሜሽን በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ብቻ እናዘጋጅ ነበር። ፊልሙ ታሪክም ንግግርም አልነበረውም፤ በከሰል የተሳሉ የሚመስሉ መስመሮች ይሰባሰቡና ይበታተናሉ፣ በየመሐሉም አዘጋጇ ሆን ብላ ያስገባቻቸው ጥቁር ፍሬሞች (ፊልሙ የሚገነባባቸው ነጠላ ምስሎች) ብልጭ ብለው ያልፋሉ።

በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ 8,640 ምስሎች ሬንደር መደረግ (በኮምፒውተር ተሰልተው የመጨረሻ ምስል መሆን) ስለነበረባቸው፣ ሥራውን ለአንድ ኮምፒውተር መተው አይቻልም ነበር። የአኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራሙ ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ጂፒኤል በተባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ በነፃ የሚሰራጭ በመሆኑ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሳይቀር በቢሮው ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ጫንነው። ሥራውን ለማከፋፈል የተጠቀምነው በፕሮግራሙ ውስጥ ባሉ ሁለት ምርጫዎች ነው። በአንደኛው ምርጫ ፕሮግራሙ ፋይሉ አስቀድሞ ያለውን ፍሬም ዘሎ እንዲያልፍ ሲታዘዝ፣ በሁለተኛው ደግሞ አንድ ማሽን ፍሬም ሲጀምር በዚያው ፍሬም ስም ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ሁሉም ወደ አንድ የጋራ ፎልደር ስለሚጽፉ፣ ፋይሉን ያገኘ ሌላ ማሽን ፍሬሙ እንደተያዘ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ለትንሽ ቡድን ከዚህ የተሻለ አልመክርም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሰው ሬንደሩን በእጁ ሲያስቆም ብሌንደር የፈጠረውን ባዶ ፋይል ራሱ ይሰርዛል፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ግን ለዚህ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ ባዶ ፋይል ትቶ ጠፋ፤ ጠዋት ሲነሡም ሁሉም እነዚያን ፍሬሞች እንዳለቁ ቆጥረው አለፏቸው። ምስሎቹ ወደ ፊልም ሲገጣጠሙ ደግሞ ሊነበቡ ያልቻሉት በጥቁር ታዩ።

በሌላ ፊልም ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዕይታ ሁላችንም እንጮህ ነበር። የሙከራ ሥራ ግን ስሕተትን የሚደብቅበት ሰፊ ቦታ አለው፤ እንዲያውም አንድ ባልደረባችን «አሁን ገና ምቱ ተስተካከለ» ሲል አደነቀ።

ነገሩን የደረሰበት የድምፅ ባለሙያው ነው። በየጥቁሩ ፍሬም ላይ አጭር የእንጨት ድምፅ እንዲያሳርፍ ዝርዝር ተሰጥቶት ስለነበር፣ በዝርዝሩ የሌሉ ጥቁሮች ሲያገኝ ጠየቀ። መጀመሪያ ዝርዝሩ አላለቀም ይሆናል ተባለ። ፎልደሩን በፋይል መጠን ቅደም ተከተል ስንደረድረው ግን ክርክሩ አበቃ፦ ጥቁር ምስልም ቢሆን ምስል ስለሆነ የአዘጋጇ ፍሬሞች የየራሳቸው መጠን ነበራቸው፤ ያልተጋበዙት ግን ሁሉም ዜሮ ባይት፣ ማለትም ባዶ፣ ነበሩ። እነርሱን ሰርዘን ሬንደሩን እንደገና ስናስነሣው የጎደሉት ብቻ ተሠሩ።

አዘጋጇ ከመብራት መጥፋቱ ከመጡት ጥቁሮች አንዱን ወድዳው ስለነበር በፊልሙ ውስጥ እንዲቆይ ጠየቀች። ቆራጩ (ምስሎቹን የሚያቀናብረው የፊልም አርታኢ) በሐሳቡ ተስማማ፤ ነገር ግን የማይነበብ ፋይል ሌላ ፕሮግራም ላይ ምን እንደሚያስከትል ስለማይታወቅ፣ እውነተኛ ጥቁር ምስል ተሠርቶ ቁጥሩም በዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ጠየቀ፤ እንዲሁም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስቱዲዮ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ማንኛውም ብልጭታ ወይም መቋረጥ ከነፍሬም ቁጥሩ ሳይመዘገብ፣ ዜሮ ባይት የሆኑ ፋይሎችም ሳይፈተሹ ምስሎች ለቆራጩ አይሰጡም።